ሽጉጥን ለእጅ ማስማማትና በዒላማ መፈተሽ፦ ከሰሜን ሸዋ

ሽጉጥ ስሙን ያገኘው ከአያያዙ ነው። የሚሸጎጥ ስለሆነ ሽጉጥ ተባለ። ጠመንጃ ትከሻ ላይ ይውላል፤ አገር ያየዋል። ሽጉጥ ግን ከጋቢ ስር፣ ከኮት ውስጥ፣ ከወገብ ጥግ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ፣ ከተጉለትና ቡልጋ እስከ ይፋት፣ ከመርሐቤቴ እስከ ምንጃር፣ የመሣሪያ ነገር ሲነሳ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰው በሰው ፊት ይመከራል፣ ይተቻል፣ አልሞ መምታቱም ይታያል። ሽጉጡ ግን ተሸጉጦ ይኖራል። ባለቤቱ እንኳ የት እንደሚመታለት ሳያውቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

እዚህ የምናየው ሁለት ሥራዎችን ነው። አንዱ ሽጉጥን ለባለቤቱ እጅና ዓይን ማስማማት ነው። ሌላው የተስማማውን ሽጉጥ ዒላማ ላይ መፈተሽ ነው። ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን የተወ ሰው የማያውቀውን መሣሪያ ታጥቋል።

ከአንኮበር የጀመረ ፍተሻ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ መሣሪያን ሞክሮ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራ የእንግሊዝ ልዑክ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። ካመጣው ገጸ በረከት ውስጥ 300 ጠመንጃ ነበረበት። መድፍም ነበር፤ ንጉሡ ፊት ተተኩሶ ታይቷል። ንጉሡ ስጦታውን በዓይናቸው ሳያስፈትሹ ግምጃ ቤት አላስገቡም ማለት ነው።

በምኒልክ ጊዜ ነገሩ ሰፋ። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 አንኮበር ሲደርስ መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎ ጠመንጃ ሠርተህ አሳየኝ መባሉ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1887 ደግሞ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከታጁራ የጫነውን መሣሪያ ይዞ አንኮበር ገባ። ንጉሡ ስላልነበሩ ሽያጩ ያለቀው እንጦጦ ላይ ነው። የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚመጣው የነፍጥ መንገድ ወደ ደጋው ሲወጣ በር የሆነው ይህ አገር ነበር።

ከዚያ ዘመን የቀሩት ስሞች ዛሬም በፉከራ ውስጥ አሉ። ውጅግራ የፈረንሳዮቹ ፉዚ ግራ ነው። ምንሽር ማንሊኸር ነው። ቤልጅግ ከአገሩ ስም የመጣ ነው። ናስ ማሰር የሚባለው ስም ግን ለርዕሳችን ይበልጥ ይቀርባል። ጠመንጃው በጌጡ የተጠራ ይመስላል። ሰው መሣሪያውን የራሱ ለማድረግ ያለው ፍላጎት ምን ያህል የቆየ እንደሆነ ከዚህ ስም መረዳት ይቻላል። ማንገቻው ቆዳ ተለፍቶ ይሠራል። ሰደፉ ሲሰነጠቅ በወይራ ወይም በሌላ ጠንካራ እንጨት ይጠገናል። ብረቱን የሚያውቁት ባለእጆች ናቸው። በአካባቢው ጠይብ እየተባሉ ሲናቁ የኖሩት እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ማረሻም ጠመንጃም ባልተጠገነ ነበር። ያ ንቀት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ሰሜን ሸዋ የአርበኞች ምሽግ ነበር። ኃይለ ማርያም ማሞ ገና በመጀመሪያው ዓመት ጫጫ አካባቢ ተዋግቷል። ራስ አበበ አረጋይ በመንዝ፣ በመርሐቤቴና በቡልጋ ገደላገደሎች እየተዘዋወሩ አምስቱን ዓመት ታገሉ። ለአርበኛ ጥይት ማለት ሕይወት ነው። ለዒላማ የሚባክን የለም። ከዚያ ችግር የተወለደው ልማድ “አንድ ጥይት፣ አንድ ሰው” ዓይነት ቁጠባ ነው። መልካም ልማድ ነው። ግን አንድ ጉድለት ትቶልናል። ለሙከራ መተኮስ እንደ ብክነት ይቆጠራል። ለሠርግና ለለቅሶ ወደ ሰማይ መተኮስ ግን እንደ ክብር ይታያል። ይህ መገልበጥ አለበት። ወደ ሰማይ የወጣ ጥይት የሆነ ቦታ ይወርዳል፤ ሲወርድም ሰው ሊገድል ይችላል።

ማካሮቭና ዘመዶቹ

ብዙ ሰው በስሙ የሚያውቀው ሽጉጥ ማካሮቭ ነው። ሶቪየት ኅብረት ለሠራዊቷ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ወደ እኛ በብዛት የገባው በደርግ ዘመን ነው። ባዶውን 730 ግራም ያህል ይመዝናል። ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። ጥይቱ 9 በ18 ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው። በብዙ አገር ከሚታወቀው 9 በ19 ጋር አይገጥምም። “ሁለቱም ዘጠኝ ናቸው” ብሎ መቀላቀል አደጋ ነው። ከማካሮቭ የሚቀድመው ቶካሬቭ 7.62 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ ሲሆን እሱም 8 ይይዛል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በኮንትሮባንድ የገቡ የቱርክ ሽጉጦች በየኬላው ሲያዙ በዜና ሰምተናል። ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ አፈሙዛቸው ተቦርቡሮ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተደረጉም ይገኛሉ። እንዲህ ያለውን ማንም ሰው እጁ ላይ ሊተኩሰው አይገባም። ብረቱ ያን ግፊት እንዲችል ስላልተሠራ ሊፈነዳ ይችላል።

ማስማማት ማለት ምን ማለት ነው?

ቀላሉ ከእጀታው ይጀምራል። የማካሮቭ እጀታ በአንድ ብሎን የሚታሰር ፕላስቲክ ነው። በካቻቪቴ ይፈታል። መዳፉ ትልቅ የሆነ ሰው ወፈር ያለ፣ ትንሽ የሆነ ደግሞ ቀጠን ያለ ይፈልጋል። ከወይራ የተጠረበ እጀታ ያምራል፤ እጅም ላይ ይሞቃል። ግን በጣም ከለሰለሰ ላብ ሲነካው ያንሸራትታል። የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጦ ማልበስም ይቻላል። ውበት የለውም፤ አያያዙ ግን ሸጋ ነው። ዋናው መለኪያ አንድ ነው። ሽጉጡን ዓይንህን ጨፍነህ ወደ ግድግዳ አንሳ። ዓይንህን ስትገልጥ የፊት ማነጣጠሪያው ከኋላው ክፍተት መሐል ከተገኘ እጀታው ተስማምቶሃል። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ አልተስማማህም። በእርግጥ ይህ ሁሉ ካዝናው ወጥቶ፣ በርሜሉ ውስጥ ጥይት አለመኖሩ በዓይንም በጣትም ከታየ በኋላ ነው።

ማነጣጠሪያው ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ነው። በማካሮቭ ላይ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት 13 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ክላሽ ላይ ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ይህ ቁጥር ብዙ ነገር ይናገራል። የፊት ማነጣጠሪያው ከቦታው በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ በማካሮቭ 25 ሜትር ላይ ጥይቱ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል። በክላሽ ግን ስህተቱ 7 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በጠመንጃ ጎበዝ የሆነ የመንዝ ሰው ሽጉጥ ሲይዝ ለምን እንደሚያፍር ምክንያቱ ይሄ ነው። ሰውየው አልሰነፈም። መሣሪያው ስህተትን ያበዛል።

የፊቱን ማነጣጠሪያ ጫፍ ነጭ ወይም ቀይ ቀለም መንካት ርካሽ ማሻሻያ ነው፤ ዓይን የሚደክማቸውን ሰዎች በጣም ይረዳል። የኋላው ማነጣጠሪያ ደግሞ በጎን በኩል ሊገፋ ይችላል። ሕጉ ቀላል ነው። ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልገው ጎን የኋላውን ትገፋለህ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ገፋ ማድረግ 25 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ በመዶሻ ደጋግሞ መምታት አያስፈልግም።

ቃታውን ግን አትንኩት። ማካሮቭ ላይ የመጀመሪያው ስበት ረጅምና ከባድ ነው፤ ቀጣዮቹ አጭርና ቀላል ናቸው። “ትንሽ ላቅልለው” ብሎ በሞረድ የሚነካካው አለ። ከውስጥ ያለው መያዣ ጥርስ ከተበላ ሽጉጡ ሳይሳብ ሊተኩስ ይችላል። አማርኛ ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ ባረቀ ይባላል። ሽጉጥ እየጠረገ፣ ለጓደኛው እያሳየ፣ ባጃጅ ላይ ቁጭ ብሎ የባረቀበትን ሰው የማያውቅ ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ሞላዎቹንም ቆርጦ ማሳጠር ያው ነው። የደከመ ሞላ በአዲስ ይቀየራል እንጂ አይቆረጥም።

ብርድና ቆላ

ሰሜን ሸዋ በአንድ ቀን መንገድ ሁለት አየር ያሳያል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋለች፤ የመንዝ ጓሳ ከ3,200 በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ቆላ ናት። ደጋው ላይ ወፍራም ዘይት በውርጭ ይረጋል፤ ተንሸራታቹ ብረት ዳተኛ ይሆናል፣ መርፌውም ጥይቱን በሚገባ ላይመታው ይችላል። ያኔ ጥይቱ ይከሽፋል። ቆላው ላይ ደግሞ ብዙ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ለሁለቱም የሚበጀው ቀጭን ዘይት በጥቂቱ ነው። ሌላም አለ። ውጭ የበረደ ብረት ምድጃ ወደነደደበት ቤት ሲገባ ያልበዋል። ያ ውሃ ካልተጠረገ በማግስቱ ዝገት ነው።

ዒላማው ላይ

ፖሊስና ሠራዊት የራሳቸው የተኩስ ሜዳ አላቸው። ሰላማዊው ባለ ፈቃድ ግን ሽጉጡን መፈተሽ ከፈለገ የሚመለከተውን የጸጥታ አካል አስቀድሞ አሳውቆና ተፈቅዶለት መሆን አለበት። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ግጭት ስላለ የተኩስ ድምፅ ለጎረቤት ሙከራ አይደለም፤ ድንጋጤ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይሮጣሉ።

የቦታው ምርጫ ራሱ ዕውቀት ይጠይቃል። የእኛ አገር ገደል ያታልላል። ከአፋፉ ሲታይ ማንም የለም፤ ከሥሩ ግን እረኛ ከብት ይጠብቃል። የሽጉጥ ጥይት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ይችላል። ጥቁር ድንጋይ የበዛበት ቦታም አይሆንም። ጥይቱ ነጥሮ ይመለሳል። የሚፈለገው ከሰው ከፍ ያለ፣ ድንጋይ ያልበዛበት የአፈር ቁልል ነው። ጆሮ በደንብ መሸፈን አለበት። የሽጉጥ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ጥጥ መወተፍ አይበቃም። ለዓይንም መነጽር ያስፈልጋል።

ለማካሮቭ የታወቀው የሠራዊት መለኪያ ግልጽ ነው። ዒላማው 25 ሜትር ላይ ይቆማል። አንድ ቦታ ላይ በማነጣጠር 4 ጥይት ይተኮሳል። አራቱ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ከገቡ ሽጉጡ ጤነኛ ነው። ክቡ ለአንድ መካከለኛ እንጀራ አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ቀዳዳዎቹ ተሰብስበው ግን ከመሐል ፈቀቅ ካሉ ማነጣጠሪያው ይስተካከላል። ከተበታተኑ ግን ማነጣጠሪያውን መንካት ከንቱ ነው። መጀመሪያ ተኳሹን ማየት ያሻል።

ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ጥይቶቹ ወደ ታችና ወደ ግራ ከተሰበሰቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የራሱ ነው። ድምፁን ፈርቶ ቃታውን ይነጥቃል። መፍትሔው ቤት ውስጥ አለ። ሽጉጡ ባዶ ይሁን፤ ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። የፊት ማነጣጠሪያው አጠገብ አንድ ሳንቲም ይቀመጥና ቃታው ቀስ ተብሎ ይሳብ። ሳንቲሙ ካልወደቀ እጁ ተገራ ማለት ነው። ይህን ለአንድ ሳምንት የሠራ ሰው ሜዳ ላይ ጥይት አያባክንም። አርበኞቹ ይህን ቁጠባ ቢያዩ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ፈቃድ

አገራችን በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አውጥታለች። ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድ ወንጀል ነው። ብዙ ቤት ከአባት የወረደ መሣሪያ ስላለ “የአያቴ ነው” የሚል መልስ ይሰማል። ክብሩ ይገባኛል። ፈቃድን ግን አይተካም።

ከሜዳ ሲመለሱ

ሽጉጡ ሳይቀዘቅዝ መጠረግ አለበት። የቆየ የሶቪየት ዘመን ጥይት፣ በተለይ የቶካሬቩ፣ ብረት የሚበላ ጨው ትቶ ያልፋል። ዘይት ብቻ አያስለቅቀውም። በርሜሉ በሙቅ ውሃና ሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ነው ዘይት የሚነካው። ቀለሁ ይለቀምና ይቆጠራል። የተተኮሰው 4 ከሆነ ቀለሁም 4 ነው። የተበሳው ወረቀት አይጣልም። ቀኑ፣ ርቀቱና የጥይቱ ዓይነት ተጽፎበት ከፈቃዱ ጋር ይታጠፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ዒላማው ፊት ሲቆሙ መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው።