«ቅኔው ሲጎድልበት ቀረርቶ ሞላበት»፦ ነቀፋ ነው እንጂ ምክር አይደለም

በቅርቡ እዚሁ ጎንደር አንድ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ምሳ ተበልቶ እንዳበቃ ሙሽሮቹን በመንፈሳዊ ቃል እንዲመክር አንድ ወጣት ተጠራ። ልጁ አልተዘጋጀሁም ብሎ አፈገፈገ። መድረክ መሪው ማይኩን እጁ ላይ እያስያዘ «አይዞህ፣ ቅኔው ሲጎድል ቀረርቶ ይሞላል!» አለው። ልጁም ሞላ። ድምፁ ከፍ፣ እጁ ከፍ፣ በየዓረፍተ ነገሩ «እግዚአብሔር»። ታዳሚው አጨበጨበ። እኔ የበላሁት ዶሮ ወጥ ደረቴ ላይ ቀረ።

ይህ አነጋገር ለማበረታቻ የተባለ አይደለም። ነቀፋ ነው፤ ያውም የቤተ ክህነት ሰው ነቀፋ። ተሰዳቢው መሰደቡ የሚገባው ቤቱ ገብቶ ሲተኛ ነው።

ቅኔ የቤተ ክህነት የግእዝ ግጥም፣ ቀረርቶ የጀግና የፉከራ ዜማ መሆኑን አልተርክላችሁም። የሚያሳዝነኝ «ጎደለ» የሚለው ነገር መረሳቱ ነው። ቅኔ ተቆጥሮ የሚገኝ ነገር ነው። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት 2 ቤት፣ ማለት 2 ስንኝ ነው። ዘአምላኪየ 3፣ ክብር ይእቲ 4፣ ዋዜማ 5፣ ሥላሴ 6። መወድስ ሲደርስ 8 ይሆናል። ሰባቱን አሳምሮ ስምንተኛው የጠፋበት ሰው መወድስ ተቀኘ አይባልም። ጎደለበት። አበል እንደጎደለበት ሠራተኛ ማለት ነው፤ «ትንሽ ነው የቀረው» ብሎ ነገር የለም።

ልጅ ሆነን ክረምቱን የምናሳልፈው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በአያቴ ቤት ነበር። ከቤቷ በላይ ቅኔ ቤት አለ። ተሜዎቹ፣ የቅኔ ተማሪዎቹ፣ በየጎጇቸው ያድራሉ፤ ቀን ቀን አኩፋዳቸውን አንግተው፣ ደበሎ ለብሰው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። ውሻው ይጮሃል። አያቴ ውሻውን ትቆጣና ከመሶቡ እንጀራ ታወጣለች። ለትንሹ ተማሪ ጨመር ታደርጋለች፤ «ይሄ ገና እናቱን ያልረሳ ነው» እያለች።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ቆጠራው ነው። ተሜ ቅኔ ሊቆጥር፣ ማለት አዲስ ቅኔ አስቦ ሊያወጣ ሲሄድ ከጓደኞቹ ይለያል። ጥድ ሥር ወይ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባና ደበሎውን ራሱ ላይ ደፍቶ ይቀመጣል። አንዱን አጠገቡ ተደብቀን ስናየው ዋልን። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። አውራ ጣቱን በሌሎቹ ጣቶቹ ላይ እያስኬደ ይቆጥራል፤ ይደርስና ራሱን ነቅንቆ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍም አይነቃም። አብዷል ብለን ለአያቴ ነገርናት። ጆሯችንን ቆንጥጣ ነው የመለሰችን። «እሱ እግዜርን ቃል እየፈለገለት ነው፣ እናንተ ትስቃላችሁ!» አለች። ማታ ያገኘውን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል። የኔታ ሰምተው ያርሙታል፣ አለዚያም ያፈርሱበታል። በማግስቱ እዚያው ጥድ ሥር ነው።

ፍለጋው ለምን እንደሚከብድ ልብ በሉ። በቅኔ ስለ እግዚአብሔር ሲነገር ነገሩ እንዲሁ እርቃኑን አይወጣም። ወርቁ፣ የተሰወረው ምሥጢር፣ የክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ ከሆነ ሰሙ፣ ከላይ የሚታየው ምሳሌ፣ መሬት ወድቆ የሚፈርስ፣ ከዚያ ዘለላ ሆኖ የሚመጣ ስንዴ ሊሆን ይችላል፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጌታ ራሱ እንደተናገረው። ስለዚህ ተሜው መጽሐፉንም ማወቅ አለበት፣ ገበሬው ማሳ ላይ የሚሆነውንም ማየት አለበት። ደግሞ በግእዝ ነው። ደግሞ ቤት መምታት አለበት። ደግሞ ዜማው ላይ መግጠም አለበት። በዚያ ላይ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም።

ቅኔው በቤተ ክርስቲያን ወደሚዜምበት ወደ ማኅሌት እንምጣ። ባለቅኔው ቅኔውን በራሱ አፍ ሁልጊዜ አያዜመውም። አንዱን ቤት ለተቀባዩ ጆሮ ይነግራል፤ ተቀባዩ እያስረዘመ ያዜማል፤ ባለቅኔው በዚያ መሃል ቀጣዩን ያወጣል። ቆንጆ ከሆነ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው «ይበል! ይበል!» ይላሉ። ካልሆነ ዝም ይላሉ። የዚያ ዝምታ ብርድ በበጋም ያንቀጠቅጣል።

እንግዲህ አነጋገሩ የተወለደው እዚህ ነው ባይ ነኝ። ቀጣዩ ቤት አልመጣ ያለው አንድ ሰው ድምፁን ቅላጼ ጨማምሮ ሲያሰማ፣ አንድ ምላሰኛ ደብተራ ወደ ጓደኛው ዘንበል ብሎ ያላት ቃል ናት። ማስረጃ? ጆሮዬ!

እንዲያውም ልጨምር፤ ቦታው ጎንደር ነው። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማውን ከቆረቆሩ ወዲህ ወታደሩና ደብተራው ግድግዳ ለግድግዳ ኖረዋል። እልፍኝ ጊዮርጊስ፣ ግምጃ ቤት ማርያም፣ አጣጣሚ ሚካኤል፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ሁሉም ቤተ መንግሥቱ ግቢ ሥር ናቸው። ከዘመቻ የተመለሰ ጦር ቀረርቶውን ሲለቀው ማኅሌት የቆመው ሰው ይሰማል፤ ማኅሌቱንም ወታደሩ ይሰማል። ሁለቱን ድምፆች ባንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ነው አንዱን በሌላው የሚነቅፈው። ጎጃሜ ወዳጆቼ ይህን ሲያነቡ በቅኔ ትምህርት ቤቱ የታወቀውን የጎጃሙን ዋሸራ ጠርተው «ቅኔ የዋሸራ፣ እናንተ አቋቋማችሁን፣ የማኅሌት ዝማሜያችሁን ያዙ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አቋቋሙንስ ይዘናል፤ የጎንደሯ በአታ ቤተ ክርስቲያን ምስክር ናት። የሰው ነቀፋ የተወለደበት ግን ሰው የሚበዛበት ከተማ ነው።

ቀረርቶን የምንቅ እንዳይመስላችሁ። ደቦ ላይ አጨዳው ሲከብድ፣ ፀሐይዋ ስትበረታ አንዱ ሽማግሌ ድምፁን አርዝሞ ቀረርቶ ሲያወጣ ማጭዱ ሁሉ አብሮ ይፈጥናል። የሞተ ጉልበት ያስነሳል። ግን ባለቤቱ ማን ነው? «እኔ» ነው። የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ወንድም፣ እንዲህ የጣልኩ፣ እንዲያ የማረክሁ። የቅኔ ባለቤት ግን «እኔ» አይደለም። ተሜው ደበሎ ውስጥ ተደብቆ የዋለው ራሱን አጥፍቶ ቃል ሊያገኝ ነው። ስለዚህ «ቀረርቶ ሞላበት» ማለት ጮኸ ማለት ብቻ አይመስለኝም። እግዚአብሔር የሚነገርበት ቦታ ባዶ ሲቀር ራሱን አስገባበት ማለት ነው።

ይህን ይዛችሁ ዛሬ የምንሰማውን አስቡት። ሰባኪው «እግዚአብሔር ትልቅ ነው» ይላል፣ እሰየው። ከዚያ «አሜን በሉ! አልሰማሁም! አሁንም አልሰማሁም!»። ከዚያ እሱ እንዴት እንደተጠራ፣ እሱ እንዴት እንደተገፋ፣ እሱን የገፉት ምን እንደሆኑ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ምስክርነት ተብሎ አዲስ መኪና ይታያል። ከየትኛውም ቤተ እምነት ይሁን፤ ኦርቶዶክስ ነኝ ባዩም ጴንጤውም እዚህ ላይ አንድ ሆነዋል። ስሙ ይጠራል፣ ባለስሙ የለም። ያ የሰርጉ ልጅ ቢያንስ አልተዘጋጀሁም ብሎ ነበር፤ ያስገደደው ነው ጥፋተኛው።

ያልተዘጋጀን ሰው ማበረታታት የፈለገ «አይዞህ፣ አባታችን ሆይ በልና ተቀመጥ» ይበለው። አጭር ነው፣ ምንም አይጎድለውም፣ ሰውም ሙዳ ሥጋውን ቶሎ ይጨርሳል። ይህችን ነቀፋ ግን ለሚገባው ሰው አስቀምጡልን፤ ዘንድሮ ተፈላጊዋ በዝቷል።