የውሃ ቀለም ሥዕል ምንድን ነው?

ፈዘዝ ያለ ሥዕል ሁሉ «የውሃ ቀለም» ሲባል መስማት እየበዛብኝ መጥቷል። ትዕግሥቴን ያሟጠጠው ግን ስለ አንድ የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ የተጻፈ ግምገማ ነው። ገምጋሚው የመጽሐፉ ሠዓሊ ጥቅጥቁን የሰሜን አውሮፓ ደን «በውሃ አቅጥና ለልጆች ዓይን እንዳይከብድ አድርጋዋለች» ብለው ያመሰግኗታል። ጥቂት ዝቅ ብለው ደግሞ የሌሊቱ ደን «ከውሃ ቀለም ዐቅም በላይ በመሆኑ» ያ ክፍል በሌላ ቀለም መሠራት ነበረበት ይላሉ። ምስጋናውም ወቀሳውም ከአንድ ስሕተት የመነጩ ናቸው፤ ገምጋሚው ሥዕሉን የሚያበራው ውሃው ይመስላቸዋል።

ብሩሽ እንዴት እንደሚያዝና ቀለም እንዴት እንደሚበጠበጥ በማንኛውም የጀማሪ መማሪያ ስለሚገኝ እዚህ አልገባበትም። የውሃ ቀለም ማለት በደቃቁ የተፈጨ የቀለም ዱቄት ከግራር ሙጫ ጋር ተለውሶ፣ በውሃ እየተፈታ በወረቀት ላይ የሚቀባ፣ ሲደርቅም ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም ነው። ሙጫው በሱዳንና በእኛም አገር ቆላማ አካባቢዎች ከግራር ዛፍ የሚለቀመው ነው፤ የቀለሙን ዱቄት ከወረቀቱ ጋር የሚያጣብቀው እርሱ ነው። ውሃው ግን ተሸካሚ ብቻ ነው፤ ዱቄቱን ወደሚፈለግበት ቦታ አድርሶ ይተናል። በደረቀ ሥዕል ላይ የሚቀረው ስስ የቀለም ሽፋንና ከሥሩ ያለው ነጭ ወረቀት ነው። ብርሃን በቀለሙ አልፎ ወረቀቱን ይመታና ተመልሶ በዚያው ቀለም በኩል ወደ ዓይናችን ይመጣል። ስለዚህ በዚህ ሥዕል ላይ የሚታይ ብርሃን ሁሉ የወረቀቱ ብርሃን ነው።

ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ቢጫ ስስ ሻሽ ቢዘረጋ ክፍሉ በቢጫ ብርሃን ይሞላል። በላዩ ሰማያዊ ሻሽ ቢደረብ ብርሃኑ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ ሦስተኛ ቀይ ሻሽ ቢታከል ደግሞ ክፍሉ ደብዝዞ ወደ ቡናማ ያደላል። ከሻሾቹ አንዱም የራሱ ብርሃን የለውም፤ ብርሃኑ የመስኮቱ ነው፤ በእኛ ሥራ መስኮቱ ወረቀቱ ነው። ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። ቀለሙ የሚለቅ እርጥብ ሻሽ በሌላ እርጥብ ሻሽ ላይ ቢጣል የሁለቱ ማቅለሚያ ይዋሐዳል፤ ወሰን እንዲኖራቸው ከተፈለገ የታችኛው ደርቆ መጠበቅ አለበት። አምስትና ስድስት ሻሽ የተደረበበት መስኮት የጠቆረ ሳይሆን የቆሸሸ ይመስላል፤ ስለዚህ ጥልቅ ጨለማ የሚፈልግ ሰው ከብዙ ስስ ሻሽ ይልቅ አንድ ጠንከር ያለ መጋረጃ ቢሰቅል ይሻለዋል። ክፍሉን ለማድመቅ ብሎ መስኮቱን በኖራ የሚቀባ ሰው ደግሞ መስኮቱን ያነጣዋል እንጂ ክፍሉን አያበራውም። ምሳሌው ፍጹም አይደለም፤ በመስኮት የሚገባ ብርሃን በሻሹ አንድ ጊዜ ብቻ ሲያልፍ በሥዕሉ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ አንድ ተጨማሪ ቅብ ጀማሪው ከገመተው በላይ የሚያጠቁረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚከተለው የአሠራር ቅደም ተከተል ነው። በዘይት ቀለም የሚሠራ ሰው በጨለማ ጀምሮ ብርሃኑን በመጨረሻ ሊያስቀምጥ ይችላል። የውሃ ቀለም ሠዓሊ ግን ከብርሃን ወደ ጨለማ ይሄዳል፤ ብሩሹን ከማንሣቱ በፊትም የትኛው ቦታ ሳይነካ እንደሚቀር መወሰን አለበት። ነጩን አይቀባውም፤ ይተወዋል። «በውሃ ማቅጠን» የሚሉት ነገር ሥራውን የማይገልጸውም ስለዚህ ነው፤ የማቅጠን ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ውሃ በመጨመር ብቻ ጥሩ ሥዕል በተገኘ ነበር።

የሰሜን ደን ይህን የመተው ጥበብ እንደሚፈትን ሌላ ርእሰ ጉዳይ አላውቅም፤ በዚያ ደን ነጭ ግንድ ያለው ዛፍ ከጥቁር አረንጓዴ ዛፍ ጋር ተጎራብቶ ይበቅላልና። በርች የሚባለው ዛፍ ቅርፊቱ ነጭ ሆኖ አግድም የተሰነጣጠሩ ጥቁር ጠባሳዎች አሉበት፤ ከጎኑ የሚቆመው፣ ጥድ የሚመስለው ስፕሩስ በጥላው ውስጥ ጥቁር እስኪመስል ድረስ ጥልቅ አረንጓዴ ነው። ጀማሪው ስፕሩሱን ከቀባ በኋላ በርቹን በነጭ ቀለም ከላዩ ይስለዋል። የሚገኘውም በመስኮቱ ላይ የተቀባው ኖራ ነው፤ ግንዱ ቀዝቅዞ ከደኑ ተለይቶ የተለጠፈ ይመስላል።

በአግባቡ ሲሠራ በርቹ በመጀመሪያ አይሳልም፤ በእርሳስ በስሱ ተነድፎ ይተዋል። ከዚያ በግንዱ ጥላ ባለበት ጎን ንጹሕ ውሃ ይቀባና፣ ገና ሳይደርቅ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ ከበርንት ሲዬና ቡናማ ጋር ተቀላቅሎ የተገኘ ግራጫ በብሩሽ ጫፍ ይነካበታል፤ ቀለሙም ራሱ ወደ ብርሃኑ ጎን እየሳሳ ይፈስና ግንዱ ክብ ይሆናል። የአልትራማሪን ዱቄት በወረቀቱ ጉድጓዶች ውስጥ እየተቀመጠ ነጠብጣብ ይፈጥራል፤ በሌላ ሥዕል ጉድለት የሚመስለው ይህ ነጠብጣብ እዚህ ቅርፊት ይሆናል። ሲደርቅ ጥቁሮቹ ጠባሳዎች ውሃው በተጨመቀ ደረቅ ብሩሽ አግድም ይነካሉ፤ ከግንዱ ዳር ጀምረው ወደ መሐል ሲደርሱ መቋረጥ አለባቸው፤ ከዳር እስከ ዳር ከተሰመሩ ግንዱ ባለ መስመር ሱሪ የለበሰ ይመስላል። በመጨረሻ የስፕሩሱ ጨለማ በግንዱ ዙሪያ ይቀባል፤ በርቹ «ነጭ» የሚሆነውም በዚያች ቅጽበት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ባዶ ወረቀት ብቻ ነበር። ቀጫጭን ቅርንጫፎችን ለማስቀረት በፈሳሽ ጎማ ሸፍኖ በኋላ መላጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ጎማው ለረጅም ጊዜ ከቆየ ወረቀቱን ይዞት ስለሚነሣ በጥጥ ወረቀት ላይም ቢሆን በሌላ ቁራጭ ሳይሞከር አይደረግ።

የብርሃኑ አቅጣጫም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ደቡብ ስዊድን ውስጥ በምትገኘው በዮንሾፒንግ ፀሐይ በታኅሣሥ ወር፣ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ጊዜ፣ በእኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ትወጣለች። በዓመቱ ከፍተኛ በምትሆንበት በሰኔ ቀንም ቢሆን 56 ዲግሪ ገደማ ላይ ትቆማለች፤ ይህ አዲስ አበባ ውስጥ በዓመቱ ዝቅተኛ በምትሆንበት ቀን በእኩለ ቀን ከምትደርስበት ከፍታ እንኳ ያነሰ ነው። ብርሃን ከራስ በላይ በሚወርድበት አገር ያደገ ዓይን ጥላን ከዛፉ ሥር ይፈልገዋል፤ በዚያ ግን ብርሃኑ በግንዶች መካከል በአግድም ይገባል፤ ጥላውም ረጅም ሆኖ መሬቱን ሁሉ ያሰምረዋል። በበረዶ ላይ ያ ጥላ ሰማያዊ ነው፤ በበረዶው ላይ የሚያርፈው የሰማዩ ብርሃን ነውና። እንደ ጢም ከስፕሩስ ቅርንጫፍ የሚንጠለጠለው ግራጫ ነገር፣ በስሜን ተራሮች በአስታ ዛፎች ላይ የምናየው ዓይነት፣ ከኋላው ብርሃን ሲመታው ዳር ዳሩ ይበራል፤ ይህም መተው ያለበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ገምጋሚው ሁለተኛ ቃል ልመለስ፤ የውሃ ቀለም ጨለማ አይችልም ያሉትን። በ1882 እ.ኤ.አ. በዚያችው በዮንሾፒንግ የተወለደው ሠዓሊ ጆን ባወር፣ ከ1907 ጀምሮ በየዓመቱ ይታተም ለነበረ የስዊድን የተረት ስብስብ እስከ 1915 ድረስ ሥዕል ሠርቷል። ግዙፍ ግንዶች፣ ድንጋይ የሚመስሉ ትሮሎች (በሰሜን አውሮፓ ተረት በደንና በተራራ የሚኖሩ ፍጡራን)፣ ብርሃን የማይደርስበት፣ ዮንሾፒንግ የምትገኝበት የስሞላንድ አውራጃ ደን፤ ባወር ለዚህ ሁሉ ይመርጥ የነበረው በዋናነት የውሃ ቀለምን ነው። በ1913 የሠራው እጅግ የታወቀ ሥዕል፣ ነጣ ያለች ትንሽ ልጅ በጥቁር የደን ኩሬ ዳር ተቀምጣ ውሃውን ስትመለከት ያሳያል። ከሥዕሉ አብዛኛው ጨለማ ነው፤ ልጅቷ የምታበራውም ስለዚሁ ነው።

ጨለማ በውሃ ቀለም የሚገኘው ጥቁር ቀለም በማፍሰስ አይደለም። ከላይ የጠቀስኳቸው አልትራማሪንና በርንት ሲዬና ውሃ ቀንሰው በወፍራሙ ሲቀላቀሉ ከቱቦ ከሚወጣው ጥቁር ይልቅ ሕይወት ያለው ጨለማ ይሰጣሉ፤ አንዱ ሞቃት ሌላው ቀዝቃዛ ስለሆነ ዓይን በውስጡ ገብቶ ይመላለሳል። የውሃ ቀለም ሲደርቅ እንደሚነጣ መዘንጋት የለበትም፤ እርጥብ ሳለ ልክ የመሰለ ጨለማ በማግሥቱ ግራጫ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰዎች «የውሃ ቀለም ደካማ ነው» የሚሉት ይህን ሳያውቁ በፍርሃት ስለሚቀቡ ይመስለኛል። ድክመቱ የእጅ እንጂ የቀለሙ አይደለም።

ብሩህ ደን መሥራት ስሕተት ነው ማለቴ ግን አይደለም። የዚያው ዘመን ስዊድናዊት ኤልሳ ቤስኮቭ በ1901 ባሳተመችው መጽሐፍ አንድ ልጅ እንደ አውራ ጣት አንሶ ብሉቤሪ በሚባሉት ሰማያዊ ፍሬ በሚያፈሩ ቁጥቋጦዎች መካከል ሲዘዋወር ታሳያለች፤ በእርሷ ገጾች ላይ ደኑ የቀን ደን ነው፤ ጥርት ያለ መስመር፣ በውስጡ ስስ ቅብ፣ ብዙ የተተወ ነጭ። ሁለቱን ሠዓሊዎች የለያያቸው ስንት ወረቀት ለመተው እንደ ወሰኑ እንጂ የውሃው መጠን አይደለም።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ግድ ነው። ጓሽ የሚባለው ቀለም በዚያው በግራር ሙጫ የሚሠራ ሆኖ ብርሃን የማያሳልፍ ነው፤ በውሃ ቀለም ሥዕል ላይ ለአንዲት የዓይን ብልጭታ ወይም ለጥቂት የበረዶ ቅንጣት ጠብታ ጓሽ ማድረግ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው፤ ነውር የሚያደርጉት ወግ አጥባቂዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። ብልጭታውን በኖራ መንካት ሌላ፣ መስኮቱን በሙሉ በኖራ መቀባት ሌላ ነው። በኮምፒውተር የሚሠሩትን «የውሃ ቀለም» ብሩሾችም አልነቅፍም፤ የብዙዎቹ ጉድለት የቀለሙን ዳር ዳር መስፋፋት አስመስለው ብርሃኑን መርሳታቸው ነው።

የሕፃናት መጽሐፍ ሲሆን መተው ሌላ ሥራም ይጨመርበታል። የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ የማተሚያ ወረቀት ታጥፎ ሲቆረጥ በ8 እና በ16 የሚካፈል ገጽ ስለሚሰጥ ነው። ጽሑፉ የሚያርፍበት ቦታ ከሥዕሉ ጋር አብሮ መተው አለበት፤ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚፈለግ ቦታ አይገኝም፤ በጨለማ ቅብ ላይ ነጭ ሳጥን ለጥፎ ጽሑፍ ማስገባትም ደኑን ይቀደዋል። ሁለት ገጽ በሚይዝ ሥዕል ላይ የጥራዙ እጥፋት የሚያርፍበትን መሐል በግንድ ወይም በጥላ ማሳለፍ ይሻላል፤ የልጅ ፊት በእጥፋቱ ላይ ከወደቀ ግማሹ ይዋጣል። ገና ማንበብ የማይችል ሕፃን ገጹን የሚከታተለው በብርሃኑ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ እጅግ ብሩህ የሆነው ቦታ ታሪኩ ያለበት ቦታ ሊሆን ይገባል። እኔ ከቀለም በፊት ገጾቹን በሙሉ በትናንሽ ግራጫ ንድፎች የምሠራው ይህን ለመመዘን ነው፤ በዚያ ደረጃ ያልሠራ ብርሃን በቀለም አይድንም።

ማተሚያ ቤቱም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። አራቱ የማተሚያ ቀለሞች፣ ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ፣ በነጠብጣብ ተደራርበው ሲታተሙ ነጭ የሚባል ቀለም በመካከላቸው የለም፤ በታተመው ገጽ ላይ ያለው ነጭ እንደገና ወረቀት ነው። ስካነር ግን እጅግ ስስ የሆኑ ቅቦችን እንደ ባዶ ወረቀት አንብቦ ይጥላቸዋል፤ የሻካራውን ወረቀት ጉድጓዶች ደግሞ እንደ ጥላ ያነባል፤ ስለዚህ ለኅትመት የሚሠራ ሰው ለስለስ ያለ ወረቀት ቢመርጥና እጅግ ስሱን ቅብ ጥቂት ቢያጠነክረው ይበጃል። በማይብለጨለጭ ወረቀት ላይ የሚታተም ከሆነ ቀለሙ ወደ ውስጥ ሰርጎ የደኑ ጨለማ እርስ በርሱ ስለሚዋሐድ በስፕሩሶቹ መካከል ጥቂት ተጨማሪ ልዩነት መተው ያስፈልጋል። አሳታሚው ክሬም መልክ ያለውን ወረቀት ከመረጠ ደግሞ በርቹም በረዶውም ቢጫ ይሆናሉ፤ ስለዚህ መጽሐፉ በምን ወረቀት እንደሚታተም የመጀመሪያው ገጽ ከመቀባቱ በፊት መጠየቅ አለበት።