ሄርፔቶሎጂ ምንድን ነው? የእንቁራሪትና የእባብ ተመራማሪስ ዕድሜውን ሙሉ ምን ይሠራል?

ባጭሩ እንቁራሪትን፣ ጉርጥን፣ እባብን፣ እንሽላሊትን፣ እስስትን፣ ኤሊንና አዞን የሚያጠና ሳይንስ ነው። ስሙን ስንሰማ ብዙዎቻችን የሚታየን መርዛም እባብ አንገቱን አንቆ የያዘ ሰው ነው። እሱም አለ። የሙያው ዋና ሥራ ግን የት ቦታ ምን እንደሚኖር ለይቶ መመዝገብ፣ ከዓመታት በኋላም ተመልሶ እዚያው መፈለግ ነው።

ለእኔ የዚህ ጥሩ ምሳሌ እንግሊዛዊው ማልኮም ላርገን ነው። አዲስ አበባ፣ በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ኋላ ሊቨርፑል ሙዚየም ቢገባም የኢትዮጵያን እንቁራሪቶች አልተዋቸውም። በ1974 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በእንሰት ቅጠል ላይ የምትገኝ ትንሽ እንቁራሪት ለሳይንስ አስተዋወቀ፣ የእንሰትን ስምም ሰጣት፦ አፍሪክሳለስ ኢንሴቲኮላ። በ1989 ከተመራማሪው ሮበርት ድሩዊስ ጋር ባሌብሬቪሴፕስ የተባለውን፣ በ1991 ደግሞ ኤሪካባትራከስ የተባለውን እንቁራሪት ለሳይንስ ገለጸ። ሁለቱም ከባሌ ተራሮች ሌላ የትም አይገኙም። በ2001 የአገሪቱን እንቁራሪቶች ዝርዝር አወጣ፣ በ2010 ደግሞ ከስቲቨን ስፖልስ ጋር ተሳቢዎቹንም ያካተተ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ።

በእሱ ስም የተሰየመች ጉርጥም አለች፣ በ1978። እሷን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ከሦስት ሳንቲ ሜትር ብዙም አትበልጥም፣ የምትኖረውም ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት የባሌ ደጋ ላይ ነው። የብዙዎቹ ጉርጦች ወንድ ሴቷን ከጀርባዋ ሲያቅፍ እነዚህ ግን ሆድ ለሆድ ይተቃቀፋሉ። እንቁላሉ የሚጣለው ውሃ ውስጥ አይደለም፣ እርጥብ መሬት ላይ ነው፤ ብዙ ሴቶች አንድ ቦታ ላይ ይጥላሉ። ጅራታሞቹ ልጆችም ኩሬ ሳያዩ፣ ምግብ ሳይፈልጉ፣ ከእንቁላሉ በተረፈው አስኳል ብቻ ያድጋሉ። ይህን ለማወቅ አንድ ሰው እዚያ ብርድ ላይ ተንበርክኮ ሣር መግለጥ ነበረበት።

ሥራው በአብዛኛው የሌሊት ነው። ዝናብ ሲጥል ግንባር ላይ ባትሪ አስሮ መውጣት፣ የወንዶቹን ጩኸት መቅዳት (ብዙ ዝርያዎች በመልክ ተመሳስለው በድምፅ ይለያያሉ)። የተያዘው በሕይወት ሳለ ፎቶ ይነሳል፣ አልኮል ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ስለሚጠፋ። ለዘረመል ምርመራ ትንሽ ሥጋ ይወሰድለታል፣ ከዚያ ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታና የሰብሳቢው ስም የተጻፈበት ወረቀት ይታሰርበታል። ያ ወረቀት ከሌለ እንስሳው ለሳይንስ ያለው ዋጋ በጣም ይወርዳል።

ለምን? በ2013 ላርገንን ጨምሮ ብዙ ተመራማሪዎች የባሌን የድሮና የአዲስ መዝገብ አነጻጸሩ። መለኪያቸው ቀላል ነው፦ አንድ ሰው አንድ ሰዓት ቢፈልግ ስንት ያገኛል? ውጤቱ ግን ያሳዝናል። የባሌ ብርቅዬዎች ድሮ እንደነበሩት አይገኙም፤ ኦስጉድ የሚባለው ጉርጥ ከ2003 ወዲህ ጭራሽ አልተመዘገበም። ደን ይመነጠራል፣ ግጦሽ ይበዛል። በ1999 ስም የወጣለት ኪትሪድ የተባለው ፈንገስም ባሌ ላይ ተገኝቷል። ፈንገሱ ቆዳቸውን ያጠቃል፣ እንቁራሪት ውሃና ጨው የምታመጣጥነው በቆዳዋ ስለሆነ በሽታው ሲጠና ልቧ እስከ መቆም ይደርሳል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ከአንዱ ረግረግ ወደ ሌላው ሲሄዱ ቦቲያቸውን በመድኃኒት የሚያጥቡት። የድሮው መዝገብ ባይኖር ኖሮ «ድሮም ብዙ አልነበሩም» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ይህ በጣም ያስቆጨኛል፣ ምክንያቱም የሌሎች ብዙ ቦታዎቻችን መዝገብ ጭራሽ አልተያዘም።

ሁሉም ተገኝቶ አልቋል ብላችሁም እንዳታስቡ። በ2016 ከባሌ አንድ ትልቅ እፉኝት ለሳይንስ አዲስ ተብሎ ተሰየመ፣ ቢቲስ ሐረና። ማስረጃው ለዓመታት ሙዚየም ውስጥ የቆየች አንዲት ሴት እባብና በሕይወት ያለ ሌላ እባብ ፎቶ ነበር። ባዮሎጂ እየተማራችሁ ለማስተርስ ርዕስ የምትፈልጉ፣ ባሌ ባለው ሐረና ጫካ ውስጥ ገና ብዙ ሥራ አለ።