የሃዞፕ ሰነድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሃዞፕ የጋዝ ተቋምን ንድፍ በክፍል በክፍል ለይቶ «ባይፈስስ? ቢበዛስ? ወደ ኋላ ቢመለስስ?» እያለ አደጋን የሚፈልግ ጥናት ነው። ባለሙያዎቹ ሲበተኑ የሚቀረው ሰነዱ ነው። አቃቂ ወይም ገላን ዳር ለሚቆም የቡታጋዝ ማከማቻ፣ ከአጥሩ ማዶ ሰው ስለሚኖር፣ አጻጻፉ ሊቀልብን አይገባም።

«ችግር የተገኘበትን ብቻ መጻፍ ይበቃል»

ባዶ የቀረ መስመር ታይቶ ችግር ያልተገኘበት ይሁን ጭራሹን ያልታየ፣ በኋላ የሚያነበው ሰው አያውቅም። ችግር የሌለበትም ከነምክንያቱ ይመዝገብ።

«ግፊት ሲበዛ የሚከፈት ማስተንፈሻ ቫልቭ ስላለ ውጤቱ ቀላል ነው»

ብዙ ሰነድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ውጤት የሚጻፈው መከላከያው እንደሌለ ታስቦ ነው። ከቦቴ ወደ ታንክ ሲራገፍ «የፈሳሹ ደረጃ ቢበዛ» የሚለውን እንውሰድ። ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚያብጥ ታንኩ በተለምዶ ከ80 እስከ 85 በመቶ ብቻ ይሞላል። ምክንያት፦ መለኪያው ተጣብቆ አሳንሶ ያሳያል። ውጤት፦ ታንኩ ጢም ይላል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ግፊቱ ይንራል፣ ፈሳሹ ያመልጣል። ያመለጠው ወደ 250 እጥፍ ሰፍቶ ጋዝ ይሆናል፤ ከአየር ስለሚከብድም ቦይ ለቦይ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። መከላከያ ተብሎ የተጻፈው ማንቂያ ንባቡን የሚወስደው ከዚያው ከተጣበቀው መለኪያ ከሆነ መከላከያ አይደለም። ራሱን የቻለ መሣሪያ፣ ከነመለያ ቁጥሩ፣ ይጻፍ።

«ኦፕሬተሩ ይከታተላል»

ምን ያያል? የት ቆሞ? ለመዝጋት ስንት ደቂቃ አለው? እነዚህ ካልተመለሱ በሰነዱ የመከላከያው ዓምድ ባዶ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ፣ ፌዛን ውስጥ ከፕሮፔን ታንክ ሥር የተጠራቀመ ውሃ በማፍሰሻው ሲወጣ ቫልቩ በበረዶ ተይዞ አልዘጋ አለ። ጋዙ እስከ መንገድ ደርሶ ተቀጣጠለ፤ 18 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ «በውሃ ማፍሰሻው ጋዝ ቢወጣ» የሚለው መስመር ላይ የማፍሰሻው ሁለት ቫልቮች አከፋፈት ቅደም ተከተል ይስፈር፦ በረዶ ቢይዝ እንኳ ለታንኩ የቀረበው እንዳይያዝ፣ እሱ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ ፍሰቱ የሚመጠነው በታችኛው ነው።

«‹7 ባር› ማለት ግልጽ ነው»

የአዲስ አበባ የአየር ግፊት 0.76 ባር ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል ግን 1.01። ቁጥሩ ከአየር ግፊት በላይ ያለው ይሁን ጠቅላላው ካልተባለ ስሌቱ ይዛባል።

«‹ቫልቩ ይታይ› ብሎ መጻፍ ምክረ ሐሳብ ነው»

«በታንክ 2 ላይ ፈሳሹ ሲበዛ ሙሌቱን የሚያቆም፣ ከመለኪያው የተለየ የከፍተኛ ደረጃ መቁረጫ ይገጠም» ይባል፤ ኃላፊውና ቀኑ ከጎኑ ይጻፉ። ክፍሎቹ በቀለም የተለዩበት ንድፍም ከነእትም ቁጥሩ ይያያዝ። ከዚያ በኋላ አንድ ቫልቭ እንኳ ቢጨመር የዚያ ክፍል ጥናት እንደገና ይከፈታል።