ከመርከብ ኋላ የሚጎተት ገመድ በኮምፒውተር ሲሰላ

እ.ኤ.አ. በጥር 2016 አንዲት መርከብ ከደቡባዊ ሕንድ ውቅያኖስ ሥር የማሌዥያውን አውሮፕላን ኤምኤች370ን ስትፈልግ ነበር። የምትጎትተው ሶናር (በድምፅ ሞገድ የባሕሩን ወለል የሚያስስ መሣሪያ) ከባሕሩ ወለል 2,200 ሜትር ከሚነሳ የጭቃ እሳተ ገሞራ ጋር ተላተመ። ገመዱ ተበጠሰ። ሶናሩም 4,500 ሜትር ገመድ ይዞ ባሕሩ ወለል ላይ ወደቀ።

ሙያተኞቹ ይህን መሣሪያ «ዓሣ» ይሉታል። ዓሣው ከመርከቧ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ይቀራል። ካፒቴኑ አሁን መሪ ቢያዞር ዓሣው የሚሰማው ቆይቶ ነው። በዚያ ላይ በመታጠፊያው ገመዱ አቋርጦ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ዓሣው ደግሞ ይሰምጣል። ምን ያህል? ይህን ቀድሞ ለማወቅ ነው ኮምፒውተር የሚያስፈልገው።

የችግሩ ባለቤት ዓሣው ሳይሆን ገመዱ ነው። የባሕር ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የውሃው ተቃውሞ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ገመዱ ወደ ኋላ ይንጋለላል፣ ዓሣውም ወደ ላይ ይወጣል።

የተለመደው ዘዴ ገመዱን እንደ መቁጠሪያ ማሰብ ነው። ክብደቱ ዶቃዎቹ ላይ ይከማቻል፣ በዶቃዎቹ መካከል ስፕሪንግ አለ። ለእያንዳንዱ ዶቃ የራሱ ክብደት፣ የውሃው ተቃውሞና የጎረቤቶቹ ጉተታ ይደመራል፤ ከዚያ ቀጣዩ ቅጽበት ይሰላል። ቀላል ይመስላል። ግን የብረት ገመድ እንደ ላስቲክ አይለጠጥም፤ ስፕሪንጉ ድርቅ ያለ ነው። የጊዜ እርምጃውን ትንሽ ካሰፉት ዶቃዎቹ ስክሪኑ ላይ ብትንትናቸው ይወጣል።

አብሎውና ሼክተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ሌላ መንገድ አሳተሙ፤ ገመዱን እንደ አንድ ወጥ መስመር ይዘው እኩልታዎቹን በመስመሩ ላይ በተቀራረቡ ነጥቦች መካከል ባሉ ትንንሽ ልዩነቶች መፍታት። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ውጥረቱ ዜሮ ሲገባ ስሌቱ ይቆማል። ማዕበል መርከቧን ወደ ታች ሲጥላት ገመዱ መላላቱ ደግሞ ያለ ነገር ነው፤ መልሶ ሲወጠር «ቋ!» ብሎ የሚበጠሰውም ያኔ ነው። በኋላ የመጡት ለገመዱ የመታጠፍ ግትርነት ጨምረው ችግሩን አቃለሉት።

ዛሬ እንደ እንግሊዙ ኦርካፍሌክስ ያሉ ዝግጁ ሶፍትዌሮች አሉ። ሆኖም የተቃውሞውን መጠን የሚሞላው ሰው ነው፤ እሱም ተንኮለኛ ቁጥር ነው። ገመዱ በውሃ ውስጥ እንደ ክራር ክር ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ተቃውሞው ይጨምራል። ስለዚህ መሐንዲሶች የዓሣውን ጥልቀት ባሕር ላይ ይለኩና ቁጥሩን መልሰው ያስተካክላሉ።