ኒው ኦርሊንስን ያሰጠመው ማን ነው? ስለ ካትሪና ጎርፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሀሪኬን ካትሪና እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2005 ሉዊዚያናን መታ፤ ከኒው ኦርሊንስ ከተማ 80 በመቶ ያህሉን ውሃ ዋጠው። ጥፋቱን ማን ይሸከም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልረገበም፤ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ስለሚደባለቁ ነው። ከተማዋን ከጎርፍ የሚከላከለው ግንብ ለምን ፈረሰ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ሰው ለምን ቀናት ሙሉ ያለ እርዳታ ቀረ የሚለው ሌላ ነው፤ ተጠያቂዎቹም ሌሎች ናቸው።

«ማዕበሉ ከግንቦቹ አቅም በላይ ነበር»

በከፊል ብቻ እውነት ነው። በከተማው ምሥራቅ፣ በኢንዱስትሪያል ቦይ ዳር፣ ውሃው ከግንቡ በላይ ፈሶ ከጀርባው ያለውን አፈር ቦርቡሮ ጣለው፤ ሎወር ናይንዝ ዋርድ የሚባለው ሰፈር የተጠራረገው በዚህ ነው። የከተማውን የዝናብ ውሃ ወደ ፖንቻርትሬን ሐይቅ የሚያወጣው የ17ኛው ጎዳና ቦይ ግንብ ግን የፈረሰው ውሃው ከጫፉ ከአንድ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ሳለ ነው። የለንደን አቬኑ ቦይ ግንቦችም ውሃ ከላያቸው ሳያልፍ ነው የወደቁት።

እንዴት? ግንቡ ከላይ ኮንክሪት ነው፤ ከሥሩ ሺት ፓይል የሚባል፣ እርስ በርሱ የተቆላለፈ የብረት ሉህ በአፈሩ ካብ ውስጥ ተቀብሯል። ውሃው ሲጨምር ግንቡ ወደ ሰፈሩ በኩል ዘመም አለ፤ በቦዩ በኩል በግንቡና በአፈሩ መካከል ስንጥቅ ተከፈተ። ውሃው በስንጥቁ ወርዶ ብረቱን እስከ ታች ድረስ ገፋው። ከዚያ ወዲያ ግንቡን የያዘው ከጀርባ ያለው አፈር ብቻ ሆነ፤ እሱም በለስላሳ ሸክላ ላይ ተንሸራቶ ከ10 ሜትር በላይ ሄደ። ነዳፊዎቹ የአፈሩን ጥንካሬ በአማካይ አስልተው ነበር። ከካቡ ግርጌ ያለው ሸክላ ግን በካቡ ክብደት ከተጠቀጠቀው ከመሐሉ በጣም ይደክማል። በለንደን አቬኑ ደግሞ ከሥር ያለው አሸዋ ነው፤ ውሃው በብረቱ ሥር ሾልኮ መሬቱን ከታች አነሣው።

«ጥፋተኛው የአካባቢው የግድብ ቦርድ ነው»

ቦርዱ ወቀሳ አይጠፋበትም፤ የጀልባ ማቆሚያና አየር ማረፊያ ያስተዳድር ነበር፣ ዓመታዊ የግድብ ቁጥጥሩም ለይስሙላ ነበር። ነገር ግን ሀሪኬን ቤትሲ ከተማዋን ካጥለቀለቀ በኋላ ኮንግረስ በ1965 ንድፉንና ግንባታውን የሰጠው ለጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ኮር ነው። የቦርዱ ድርሻ ወጪ መጋራት፣ ከዚያም ሣር ማጨድና መጠበቅ ነበር። በካቡ ላይ የሚራመድ ተቆጣጣሪ ከመሬት በታች ያለው ብረት ማጠሩን በምን ዓይኑ ያየዋል?

ብረቱ ያጠረበት ምክንያት ደግሞ ይታወቃል። ኮሩ በ1985 በአቻፋላያ ተፋሰስ የሙከራ ግንብ ተክሎ በውሃ ገፋው። ውሃ እንዳይሾልክ ሸራ ተነጥፎ ስለነበር በግንቡና በአፈሩ መካከል የተከፈተው ስንጥቅ ተሸፍኖ ቀረ። ከውጤቱም ከ9 እስከ 14 ሜትር መውረድ የነበረበት ብረት 5 ሜትር ገደማ ይበቃዋል ተብሎ ተደመደመ። 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተቆጠበ። የነገሩ ሁሉ እምብርት ይህ ነው፤ በቴሌቪዥን ክርክር ግን እምብዛም አይነሣም።

«የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ክስ ግድቡን አስቀረው»

በ1977 ፍርድ ቤት የማዕበል ውሃ እንዳይገባ በፖንቻርትሬን ሐይቅ መግቢያ ላይ የታሰበውን መዝጊያ ያገደው ኮሩ ያቀረበው የአካባቢ ጥናት ጎደሎ ስለነበር ነው፤ ጥናቱን አስተካክሎ መመለስ ይችል ነበር። ከፍ ያሉ ግንቦችን የመረጠው በኋላ ራሱ ኮሩ ነው።

«ግድቡን በፈንጂ ያፈረሱት ሰዎች ናቸው»

በ2005 ለዚህ ምንም ማስረጃ አልተገኘም። ሐሜቱ ግን ከሜዳ አልበቀለም፦ በ1927 ከተማዋን ለማዳን ሲባል ከኒው ኦርሊንስ በታች ካርናርቮን ላይ ግድብ በዲናሚት ፈርሷል፤ የድሆች ቤትና ማሳ ሰጥሟል። ይህን የሚያስታውስ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

«አገረ ገዥዋ የፌዴራል እርዳታ አልጠየቀችም»

ሐሰት ነው። ካትሊን ብላንኮ ኦገስት 26 የአስቸኳይ ጊዜ አወጀች፤ በማግስቱ ፕሬዚዳንት ቡሽ የፌዴራሉን አዋጅ በጥያቄዋ ፈረሙ። የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ፌማ ቃል የገባቸው አውቶቡሶች ግን በብዛት የደረሱት ሴፕቴምበር 1 ነው። የፌማው ኃላፊ ማይክል ብራውን በከተማው የስብሰባ ማዕከል የታጎሩትን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ገና ዛሬ ሰማሁ ያሉትም በዚሁ ቀን ነው።

ክልሉም ነጻ አይደለም። በ2005 ጸደይ የመልቀቂያ መጓጓዣ ኃላፊነት ለክልሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ተሰጥቶ ነበር፤ ማዕበሉ ሲመጣ ምንም አልተዘጋጀም።

«የሞቱት ውጡ ሲባሉ እምቢ ያሉ ናቸው»

ከንቲባ ሬይ ኔገን የግዴታ መልቀቂያ ትእዛዝ የሰጡት ኦገስት 28 ጠዋት ነው፤ ማዕበሉ ሊደርስ አንድ ሙሉ ቀን እንኳ አልቀረውም። በከተማዋ 100 ሺህ ያህል ሰው መኪና አልነበረውም፤ የከተማው አውቶቡሶች ሹፌር ሳይመደብላቸው ቆመው ሰጠሙ። በሉዊዚያና ከሞቱት ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ ነበር። ብዙዎቹን ደግፎ የሚያወጣ ሰው አልመጣላቸውም።

«ኮሩ ጥፋቱን ስላመነ ተጠይቋል»

የኮሩ አዛዥ ጄኔራል ካርል ስትሮክ በ2006 የንድፍ ስሕተት መኖሩን በይፋ አምነዋል። የቦዮቹ ግንብ ክስ ግን ጃንዋሪ 2008 ተዘጋ። ዳኛ ስታንዉድ ዱቫል ኮሩን አጥብቀው ቢወቅሱም፣ የ1928ቱ የጎርፍ ሕግ መንግሥትን በጎርፍ ውሃ ከሚደርስ ጉዳት ተጠያቂነት ስለሚያድን እጃቸው ታስሮ ነበር።