አናግኖሪሲስ ምንድን ነው? በጥንታዊ ድርሰቶች ውስጥ ራስን የማወቅ መንገድ

አናግኖሪሲስ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ የሥነ ጽሑፍ ቃል ነው። ሲፈታ «መልሶ ማወቅ» ወይም «ለይቶ ማወቅ» የሚል ትርጉም ይሰጣል፤ የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትልም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ግጥምና ስለ ተውኔት በጻፈው ድርሰቱ ካለማወቅ ወደ ማወቅ የሚደረግ ለውጥ ብሎ ይበይነዋል። ብያኔው አጭር ቢሆንም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለው። ሰው የማያውቀውን አዲስ ነገር ስለ ተማረ ብቻ አናግኖሪሲስ ደረሰበት አይባልም። ባለታሪኩ የሚደርስበት እውነት ቀድሞውኑ አጠገቡ፣ ብዙ ጊዜም በገዛ ሰውነቱ ላይ የነበረ ነው። ታላላቆቹ ጥንታዊ ድርሰቶች ስለ ራስን ማወቅና ስለ መንፈሳዊ ብርሃን የሚሉትን ለመረዳት ከዚህ ቃል የተሻለ መግቢያ ያለ አይመስለኝም።

ቃሉ በመጀመሪያ ያገለገለው ሰው ሰውን ሲለይ ነው። በሆሜር ኦዲሴይ በተባለው የግሪክ ረጅም ግጥም ውስጥ ንጉሥ ኦዲሴየስ ከ20 ዓመት የጦርነትና የስደት ኑሮ በኋላ ለማኝ መስሎ ወደ ገዛ ቤቱ ይገባል። ሕፃን ሳለ ያሳደገችው አሮጊቷ ዩሪክሊያ የእንግዳውን እግር ልታጥብ ጎንበስ ትላለች፤ እጇ ከጉልበቱ በላይ ባለው ጠባሳ ላይ ሲያርፍ ግን፣ ዓይኗ ያልነገራትን መዳፏ ይነግራታል። እግሩ ከእጇ አምልጦ የነሐሱን ዕቃ ይመታል፣ ዕቃው ያቃጭላል፣ ውኃውም ይፈሳል። አርስቶትል ግን በምልክት የሚደረገውን እንዲህ ያለውን መለየት ከፍ ባለ ደረጃ አያስቀምጠውም። ለእርሱ የላቀው ከድርጊቱ ከራሱ የሚፈልቀውና የባለታሪኩ ዕጣ ከሚገለበጥበት ቅጽበት ጋር የሚገጥመው ነው፤ ለዚህም የሚጠቅሰው ኤዲፐስ የተባለውን የጸሐፌ ተውኔት ሶፎክልስን ድርሰት ነው።

በኤዲፐስ ታሪክ ውስጥ ቃሉ ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞራል። የቴብስን ከተማ መቅሠፍት መትቷታል፤ የሚነሣላትም የቀድሞው ንጉሥ ገዳይ ተገኝቶ ሲወገድ ነው። ንጉሥ ኤዲፐስ ምርመራውን በራሱ እጅ ይይዛል፣ ገዳዩን በአዋጅ ይረግማል፣ ምስክሮችን ያስጠራል። የሚፈልገው ሰው እርሱ ራሱ መሆኑን ተመልካቹ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ እርምጃ ወደ ጠያቂው ሲቀርብ ይታየዋል። ኤዲፐስ ለዙፋኑ የበቃው ስፊንክስ የተባለችውን አስፈሪ ፍጥረት እንቆቅልሽ ፈትቶ ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው እንቆቅልሹ በአራት፣ በሁለትና በሦስት እግር የሚሄደው ማን ነው የሚል ሲሆን፣ መልሱም «ሰው» ነው። እንግዲህ ይህ ስለ እግር የተጠየቀውን ሁሉ የመለሰ ሰው የገዛ እግሩን አልጠየቀም። ሕፃን ሳለ ወላጆቹ፣ ማለትም ያ የተገደለው ንጉሥና ሚስቱ፣ ቁርጭምጭሚቱን አስበስተው እንዲጣል አድርገዋል፤ ስሙም «ያበጠ እግር» ማለት ነው። መልሱን ዕድሜውን ሙሉ በስሙ ሲጠራበት፣ በእግሩም ሲረግጠው ኖሯል።

በዚህ ተውኔት ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ኤዲፐስ አለመቆሙ ነው። ሳያውቅ ያገባት እናቱ ዮካስታ እውነቱ ቀድሞ ገብቷት ምርመራውን እንዲተው ትለምነዋለች፤ ማን እንደሆነ ከቶ እንዳያውቅም ትመኝለታለች። ሕፃኑን እንዲጥል ታዞ የነበረው አሮጌው እረኛ ደግሞ የሚያስፈራውን ነገር ለመናገር አፋፍ ላይ መድረሱን ሲገልጽ፣ ኤዲፐስ እርሱም ለመስማት አፋፍ ላይ እንዳለ፣ ሆኖም መስማት እንዳለበት ይመልሳል። ወንጀሉን የፈጸመው ሳያውቅ ነው፤ ወደ እውነቱ የሄደው ግን በፈቃዱ ነው።

ለዚህ ሁኔታ አማርኛ የራሱ አነጋገር አለው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ የአባቱን ሀብት አባክኖ እሪያ ለመጠበቅ የተገደደው ልጅ በረኃብ ላይ ሳለ «ወደ ልቡም ተመልሶ» ይላል። የግሪኩ ጽሑፍ ወደ ራሱ መጣ ይላል፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ራስን ልብ ብሎ መተርጎሙ ነገሩን የበለጠ ያቀርበዋል። የሚመለስ ሰው ከዚያ በፊት የነበረበትን ቦታ ትቶ ሄዷል ማለት ነው። ልጁ ከአባቱ ቤት ብቻ ሳይሆን ከልቡም ርቆ ነበር፤ ወደ አባቱ ቤት የሚወስደውን መንገድ የጀመረውም ወደ ልቡ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ማወቅና መልሶ ማወቅ ምን ያህል እንደሚራራቁ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣው የሩሲያዊው ደራሲ የቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት» በግልጽ ያሳያል። ኢቫን ኢሊች በተማሪነቱ «ካዩስ ሰው ነው፤ ሰው ሟች ነው፤ ስለዚህ ካዩስ ሟች ነው» የሚለውን የሎጂክ ምሳሌ ተምሯል። ምሳሌው ለካዩስ ልክ ሆኖ ይታየው ነበር፤ እርሱ ግን ካዩስ አይደለም፤ የልጅነት ኳሱ የቆዳ ሽታ ትዝ የሚለው፣ እናትና አባት የነበሩት ሌላ ሰው ነው። ዓረፍተ ነገሩን ያላንዳች ስሕተት ያውቀዋል፤ በውስጡ ራሱን ያየው ግን ታሞ ከአልጋ ከዋለ በኋላ ነው።

አርስቶትል ይህን ቃል ለመንፈሳዊ ነገር አልተጠቀመበትም። ሆኖም በሌሎች አገሮች የመንፈስ ብርሃንን ፍለጋ የሚተርኩ ድርሰቶች ስናነብ ያው ቅርጽ ይገጥመናል። ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ በተባለው ጥንታዊ የሕንድ መንፈሳዊ ድርሰት ውስጥ ሽቬታኬቱ የሚባል ልጅ በ12 ዓመቱ ለትምህርት ሄዶ በ24 ዓመቱ ብዙ አውቄያለሁ ብሎ ኮርቶ ይመለሳል። አባቱ ኡዳላካ ጨው ውኃ ውስጥ ጨምሮ በማግሥቱ እንዲመጣ ያዘዋል። ሲነጋ ያንን ጨው አምጣው ይለዋል፤ ልጁ ቢፈልግ አያገኝም። ከአንዱ ጠርዝ ቅመስ ይለዋል፤ ጨው ነው። ከመካከሉ ቅመስ፤ ጨው ነው። ከሌላውም ጠርዝ፤ ያው ጨው ነው። አባትየውም የማይታየው የዓለም ሁሉ ረቂቅ መሠረት እንዲሁ በሁሉ ውስጥ እንዳለ አስረድቶ «ያ አንተ ነህ» ይለዋል። ልጁ ለ12 ዓመት ሲማር የኖረው ሁሉ ይህን አላሳየውም፤ አንድ ጉንጭ ውኃ ግን በገዛ ምላሱ አስመሰከረው።

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የፋርሱ ከተማ የኒሻፑር ባለቅኔ አታር ደግሞ ነገሩን በወፎች ጉዞ ይተርከዋል። ወፎቹ ሁድሁድ በተባለ ወፍ መሪነት ሲሙርግ የሚባለውን ንጉሣቸውን ፍለጋ ሰባት ሸለቆዎችን ያቋርጣሉ። ብዙዎቹ በመንገድ ይቀራሉ፤ ክንፋቸው ተነጭቶ ከንጉሡ ደጅ የሚደርሱት 30 ብቻ ናቸው። መጋረጃው ሲገለጥና ሲሙርግን ሲመለከቱ የሚያዩት ራሳቸውን ነው። በፋርስኛ «ሲ ሙርግ» ማለት ሠላሳ ወፍ ማለት ስለሆነ፣ እንደ ኤዲፐስ እነርሱም መልሱን ገና ከመነሻቸው በቃሉ ውስጥ ይዘውት ነበር። ጉዞው ግን ከንቱ አልነበረም፤ ሸለቆዎቹን ያላለፈ ወፍ ያን መስተዋት ሊያይ ባልቻለ ነበር።

እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይላሉ ብሎ መጨፍለቅ ግን ስሕተት ነው። ኤዲፐስ ወደ ውስጥ ሲመለከት ያገኘው በደሉን ነው፤ ዓይኑንም አጥፍቷል። የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ወደ ውስጡ ሲመለከት ያገኘው ከራሱ የሚበልጥ ሌላ ነው፤ አምላኩን አንተ በውስጤ ነበርህ፣ እኔ ግን በውጭ ነበርሁ ይለዋል። ሕይወቱ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ386 በሚላኖ በአንድ የአትክልት ቦታ «አንሥተህ አንብብ» የሚል የልጅ ድምፅ ሰምቶ የጳውሎስን መልእክት በገለጠ ጊዜ ነበር። ተውኔት ቢሆን ኖሮ መጋረጃው እዚያ ላይ ይዘጋ ነበር። እርሱ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጳጳስ ሆኖ በጻፈው በዚያው መጽሐፍ፣ ከአትክልቱ ቦታ ታሪክ ሁለት ክፍል አልፎ፣ በአምላኩ ፊት ለራሱ ጥያቄ እንደሆነበት ይናዘዛል።